የ«ፊፍቲ-ፊፍቲ» ደንብ ምንድን ነው?

በአሜሪካ ፓርቲዎች ኮሚቴዎች ውስጥ ወንድና ሴት እኩል ወንበር እንዲይዙ የሚያዝ ደንብ ነው። ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው የሕገ መንግሥቱ 19ኛ ማሻሻያ በጸደቀበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴውን በእጥፍ አሰፋ። ቀድሞ ከየክፍለ ግዛቱ አንድ ሰው ይወከል ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሆኑ። ሪፐብሊካኖችም በ1924 ተከተሉ። (በደቡብ የሚኖሩ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች ግን ድምፅ መስጠት እንኳ አልተፈቀደላቸውም፤ የኮሚቴ ወንበርማ ከየት ይምጣ!)

ልብ በሉ፣ ወንበሩን የለቀቀ ወንድ የለም። አዲስ ወንበር ነው የተጨመረው። ደንቡ ያን ያህል ሳያከራክር ያለፈውም ለዚህ ይመስለኛል።

ደንቡ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የኤሚሊ ኒውዌል ብሌርን ሕይወት መከተል ይበቃል። በ1877 በሚዙሪ ክፍለ ግዛት፣ ጆፕሊን ከተማ ተወለደች። በ1916 ዴሞክራቶች ሴንት ሉዊስ ላይ ጉባኤ ሲቀመጡ፣ የምርጫ መብት የሚጠይቁ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ቢጫ መቀነት አድርገው ጎዳናውን ግራና ቀኝ ይዘው ቆሙ። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። ተወካዮቹ በመሃላቸው ከማለፍ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። «ወርቃማው መስመር» የተባለውን ይህን ሰልፍ ካሰናዱት አንዷ ብሌር ነበረች።

በ1921 ሚዙሪን ወክላ ብሔራዊ ኮሚቴው ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ምክትል ሊቀመንበር ሆና እስከ 1928 ሠራች። አገሩን እየዞረች የዴሞክራት ሴቶች ክለቦችን አቋቋመች። ያኔ እምነቷ ሴቶች የራሳቸውን ጎራ ከሚለዩ ፓርቲ ገብተው ከወንዶቹ እኩል ቢሠሩ ይሻላል የሚል ነበር።

ከቆይታ በኋላ ግን ሐሳቧን ቀየረች። የሴቶቹን ወንበር ማን እንደሚይዝ የሚወስኑት በአብዛኛው የየአካባቢው የፓርቲ አለቆች፣ ማለትም ወንዶች ነበሩ። የሚመርጡትም የራሷ ደጋፊ ያላትን ሴት ሳይሆን የማታስቸግራቸውን ነበር። ስለዚህ ብሌር ሴቶች ተደራጅተው የራሳቸውን ዕጩ እንዲደግፉ መወትወት ጀመረች።

የዴሞክራቶቹን የሴቶች ክፍል የመራችው ሞሊ ዲውሰን ደግሞ በ1936 ሌላ በር ከፈተች፦ የፓርቲውን መርሐ ግብር በሚያረቀው ኮሚቴ ውስጥ እያንዳንዱ አባል ከሌላው ፆታ ተለዋጭ እንዲኖረው አስወሰነች። አባላቱ ባብዛኛው ወንዶች ስለነበሩ፣ ሴቶቹ የገቡት በተለዋጭነት ነው።