ለብርቱካን፣ ለመንደሪንና ለሎሚ ዛፍ ማዳበሪያ አሰጣጥ በአዲስ አበባ ዙሪያ

በቢሾፍቱ፣ በዱከም፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሆለታ ጓሮዎች ሎሚ፣ ብርቱካንና መንደሪን ይተከላሉ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ሆለታ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ ባለና በቀዘቀዘ ቦታ ዛፉ ዝግ ብሎ ያድጋል፣ ፍሬውም ዘግይቶ ይበስላል፤ ስለዚህ ለአዋሽ ሸለቆ ሞቃት እርሻዎች የተዘጋጀን የማዳበሪያ መጠን እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። ከከፍታውም በላይ ግን የሚወስነው አፈሩ ነው።

በምዕራብ በኩል፣ ከቡራዩ እስከ ሆለታ፣ ቀይ አፈር ይበዛል። አሲዳማነት ያጠቃዋል፣ ፎስፈረስንም አጥብቆ ይይዛል። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ያለው መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ግን በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በብዙ ቦታ ወደ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያዘነብል ብረትና ዚንክ አፈሩ ውስጥ እያሉ ሥሩ ሊወስዳቸው አይችልም። የምድጃ አመድ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ፖታሲየም ስላለውና አሲዱን ስለሚያበርድ ቀይ አፈር ላይ ይጠቅማል፤ መረሬ ላይ ሲበተን ግን ቅጠሉን ይብስ ያገረጣዋል። ቀይ አፈር ላይ የሚተክል ሰው አፈሩን አስመርምሮ የግብርና ኖራ ከተከላው ወራት ቀደም ብሎ ቢቀላቅል ይመረጣል።

ዛፉ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን በመሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለአንድ ዛፍ በዓመት፣ በዕድሜው ልክ በየዓመቱ 100 ግራም ዩሪያ እየጨመሩ እስከ 1 ኪሎ መድረስ። የሦስት ዓመት ዛፍ 300 ግራም ያገኛል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ መጠኑ እዚያው ይቆማል። አዲስ ችግኝ የተከላ ጉድጓድ ውስጥ ዩሪያ አይጨመርበትም፣ ሥሩ ይቃጠላል። አዲስ ቅጠል ካወጣ በኋላ 25 ግራም በወር ተኩል ልዩነት አራት ጊዜ ይበቃዋል። እፍኝ ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንዴ በሚዛን ለክቶ ጣሳው ላይ ምልክት ማድረግ ይሻላል።

ኤንፒኤስ የተባለው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ ደግሞ 38 በመቶ ፎስፌት ስላለው ቦታው የተከላ ጉድጓዱ ነው፤ ያውም ከአፈሩ ጋር በደንብ ተደባልቆ። በየዓመቱ በላዩ ላይ መደራረብ ዛፉ ዚንክ እንዲያጣ ያደርጋል።

ለትልቅ ዛፍ የዓመቱ ዩሪያ በሦስት ይከፈላል፦ መስኖ ካለ በየካቲት ከአበባ በፊት፣ ዝናቡ ሲጀምር በሰኔ መግቢያ፣ ዝናቡ ሲቀንስ በመስከረም። በሐምሌና በነሐሴ የተሰጠው በጎርፍ ይታጠባል፣ ውሃ በተኛበት መረሬም ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይባክናል። ውርጭ በሚመታቸው እንደ ሱሉልታ ባሉ ቦታዎች የመስከረሙን መተው ይበጃል፤ ዘግይቶ የሚወጣውን ለጋ ቅጠል የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያቃጥለዋል።

ማዳበሪያው የሚበተነው የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሚያጠላበት ክብ ዙሪያ ነው እንጂ ግንዱ ሥር አይደለም። መጋቢ ሥሮች ከላይ ስለሆኑ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ በዶማ ጫር ጫር አድርጎ፣ በትኖ፣ አልብሶ ወዲያው ማጠጣት ነው። ደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ የቀረ ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ተራ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ ቅጠል ላይ መርጨትም አይገባም፤ ውስጡ ያለው ባይዩሬት የተባለ ቅጠል የሚጎዳ ውህድ የቅጠሉን ጫፍ ያቢጫል።

እበት ኩበት ሆኖ ለማገዶ በሚሸጥበት በዚህ አካባቢ ፍግ ማግኘት ከባድ ነው፤ የወተት ላም አርቢዎች ጎረቤት ከሆኑ ግን ትልቅ ሀብት ነው። በደንብ የበሰበሰ 40 ኪሎ ፍግ ለአንድ ትልቅ ዛፍ ከተሰጠ ዩሪያውን በሩብ መቀነስ ይቻላል። የዶሮ ኩስ ኃይለኛና ጨዋማ ስለሆነ ከ10 ኪሎ መብለጥ የለበትም፣ እሱም ከርሞ። ፍግ ከግንዱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ተጠግቶ የተከመረ እርጥብ ፍግ ልጡን ያበሰብሳል፣ ከቁስሉም ሙጫ ይፈስሳል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ቅጠል ቢጫ ባለ ቁጥር ዩሪያ በመጨመር ነው። ቢጫው የቱ ቅጠል ላይ እንደጀመረ ማየት ያስፈልጋል። አሮጌዎቹ ወጥ ሆነው ከገረጡ የናይትሮጅን እጥረት ነው። አሮጌው ቅጠል ገርጥቶ ከቅርንጫፉ በሚያያዝበት በኩል አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ከቀረው ማግኒዚየም ጎድሎታል፣ ይህም አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ይበዛል። አዲሱ ቅጠል ነጣ ብሎ ደም ሥሩ ብቻ እንደ መረብ አረንጓዴ ከሆነ ብረት ነው፤ አዲሱ ቅጠል ጠብቦና አንሶ በደም ሥሮቹ መሐል ቢጫ ከተዥጎረጎረ ዚንክ ነው። ደም ሥሩ ራሱ ቢጫ ሲሆን ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ ሳይሆን ውሃ ማውጫ ቦይ ነው፤ መረሬ ላይ ከመነሻውም ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ይመረጣል።

ለዚንክ፣ በአንድ ሊትር ውሃ 5 ግራም ዚንክ ሰልፌትና 2.5 ግራም የጠፋ (ውሃ የተጨመረበት) ኖራ በጥብጦ አጥልሎ፣ አዲሱ ቅጠል ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲዘረጋ በማለዳ መርጨት ነው። ለብረት፣ መረሬ ላይ የብረት ሰልፌት ቶሎ ስለሚታሰር ኢዲዲኤችኤ የተባለው የብረት ኪሌት (ብረቱ በአፈር እንዳይታሰር የሚጠብቅ ውህድ) ይሻላል። ቀድሞ የገረጣው ቅጠል ላያገግም ስለሚችል ውጤቱ የሚታየው ቀጥሎ በሚወጣው ለምለም ላይ ነው።