ባላንጣ ደጋፊዎች አብረው ሲሠሩ፦ ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ደጋፊዎች ትብብር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት የተማሪዎች መዝናኛ ብቻ አይደለም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107 ሺህ በላይ ሰው ይቀመጣል፤ ሙሉ ግዛቶችም በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ቀለም ተከፍለው የሚኖሩበት ጊዜ አለ። እነዚህ ደጋፊዎች ላለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በበይነ መረብም የየራሳቸውን ማኅበረሰብ መሥርተዋል። ማኅበረሰቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ትእዛዝ የማይቀበሉ፣ በደጋፊዎች ፈቃድና ጉልበት የሚተዳደሩ፣ የራሳቸው ደንብ፣ የራሳቸው ቀልድና የራሳቸው ትዝታ ያላቸው ናቸው። እርስ በርስ ስላላቸው ግንኙነት ከሩቅ ሆኖ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ስድብንና ጠብን ብቻ ያያል፤ በመካከላቸው የተሠራው ሥራ ሳይታይ ያልፋል። ይህ ያስቆጨኛል፤ ስለዚህ ዘወትር የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሣ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የተቀናቃኝ ቡድን ደጋፊዎች ጠላቶች ስለሆኑ ትብብር ሊኖራቸው አይችልም።

ይህን አባባል ለመመርመር ከአላባማ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በግዛቲቱ በከፍተኛው የሙያ ሊግ የሚጫወት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ስለሌለ፣ ነዋሪው ገና በልጅነቱ ወይ ቱስካሉሳ ከተማ ለሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይ ለኦበርን ዩኒቨርሲቲ ይወግናል። ሁለቱ ቡድኖች መጀመሪያ የተገናኙት በ1893 ሲሆን፣ ከ1907 ጨዋታ በኋላ በተነሣ አለመግባባት ለ41 ዓመታት አንድም ግጥሚያ አላደረጉም። በ1948 ዳግም ሲገናኙ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ፕሬዚዳንቶች በበርሚንግሃም ከተማ መናፈሻ ውስጥ መጥረቢያ ቀበሩ፤ መጥረቢያ መቅበር በአሜሪካውያን ዘንድ ጠብን የማብረድ ምልክት ነው። ጠቡ ግን ከመጥረቢያው ጋር አልተቀበረም።

በኖቬምበር 2010 ኦበርን በባላንጣው ሜዳ 24 ለ 0 ወደ ኋላ ቀርቶ ከቆየ በኋላ 28 ለ 27 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ አንድ የአላባማ ደጋፊ ወደ ኦበርን ከተማ ሄዶ ቱመርስ ኮርነር በሚባለው ስፍራ የቆሙትን ሁለት ዕድሜ ጠገብ የኦክ ዛፎች በፀረ አረም ኬሚካል መረዛቸው። የኦበርን ደጋፊዎች ከድል በኋላ በእነዚህ ዛፎች ላይ የሶፍት ጥቅል እየወረወሩ መደሰት የቆየ ልማዳቸው ነበር። ጉዳዩ የታወቀው ሰውየው ራሱ በጃንዋሪ 2011 በስፖርት የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ደውሎ ስለተናገረ ነው። ታሪኩ ዛሬም ድረስ የኮሌጅ ደጋፊዎች ምን ያህል ልባቸው እንደሚከፋ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል፤ የሚያሳዝነው፣ ተናጋሪው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ማቆሙ ነው።

ወሬው እንደተሰማ ሌሎች የአላባማ ደጋፊዎች በቡድናቸው ቅጽል ስም «ታይድ ፎር ቱመርስ» ብለው በፌስቡክ ተሰባሰቡና የባላንጣቸውን ዛፎች ለማዳን ገንዘብ አዋጡ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2011፣ ብርቱ ቶርኔዶ ቱስካሉሳን አቋርጦ እስከ በርሚንግሃም ዘለቀ፤ በእሱ ብቻ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በዚያው ቀን በግዛቲቱ በሙሉ የሞቱት ደግሞ ከ200 በላይ ነበሩ። አሁን ተራው የኦበርን ደጋፊዎች ሆነ። «ቱመርስ ፎር ቱስካሉሳ» የሚል ስብስብ አቋቋሙና ውሃ፣ ምግብ፣ ጀነሬተርና መጋዝ የሚያስፈልገውን ሰፈር፣ የጭነት መኪናና ጉልበት ካላቸው ሰዎች ጋር ማገናኘት ጀመሩ።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድም ሰው የቡድኑን ቀለም አውልቆ አልጣለም። የስብስቡ ስም ራሱ የኦበርንን አደባባይ ተሸክሞ ወደ ቱስካሉሳ የሄደ ስም ነው። ለዓመታት ስለ ጨዋታ ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች ማን የት እንደሚኖር፣ የማን ቃል እንደሚታመን፣ መልእክት በማን በኩል ቶሎ እንደሚዛመት ያውቁ ነበር፤ ለክርክር የተዘረጋው መረብ በክፉ ቀን ለእርዳታ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። ፉክክሩ ትብብሩን አልከለከለውም፤ እንዲያውም መተዋወቂያው እሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛፎቹ አልዳኑም፤ በ2013 ተቆርጠው በ2015 በምትካቸው ሌሎች ተተከሉ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ እነዚህ ማኅበረሰቦች የተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን ማኅበራት ናቸው።

አይደሉም። ከአባላቱ ብዙዎቹ በሚደግፉት ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ያልተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ዛፎቹን የመረዘው ሰው እንኳ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ አያውቅም። ድጋፍ ከአባት፣ ከትውልድ ስፍራ፣ ከጎረቤት ይወረሳል። ስለዚህ የእነዚህን ሰዎች በጎ ሥራም ሆነ ጥፋት በዩኒቨርሲቲው ስም መመዝገብ ስሕተት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ደጋፊ ለራሱ ቡድን ስለሚያደላ፣ ደጋፊዎች በጋራ የሚያወጡት ነገር ሊታመን አይችልም።

ደጋፊ ማድላቱ እውነት ነው። ጥያቄው ግን አድልዎው ይታያል ወይስ ይደበቃል የሚለው ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖችን በየሳምንቱ በድምፅ ደረጃ ማስያዝ ነባር ልማድ ሲሆን፣ የአሶሺዬትድ ፕሬስ የጋዜጠኞች ምደባ ከ1936 ጀምሮ አለ። የአሠልጣኞች ምደባም አለ፤ በእሱ ግን የእያንዳንዱ አሠልጣኝ ሳምንታዊ ድምፅ ለሕዝብ አይገለጥም፣ የሚታወቀው የመጨረሻው ብቻ ነው። በ2005 የሚሺጋን ደጋፊው ብራያን ኩክ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ደጋፊ ጸሐፊዎች ጋር ሆኖ «ብሎግፖል» የተባለ የራሳቸውን ምደባ ጀመረ። እያንዳንዱ ተሳታፊ ድምፁን በስሙና በራሱ ገጽ ያወጣ ነበር፤ አንባቢዎቹ፣ በተለይ የባላንጣው አንባቢዎች፣ ይሞግቱት ነበር፤ እሱም ካመነበት ያርመው ነበር። ከዚያ ደግሞ ለራሱ ቡድን የሰጠው ደረጃ ከሌሎቹ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ተሰልቶ፣ በጣም ያደላው ሰው በየሳምንቱ በይፋ ይነገርለት ነበር።

ይህ አሠራር ሊደነቅ የሚገባው ይመስለኛል። አድልዎ የለብኝም ብሎ ከሚምል ዳኛ ይልቅ፣ አድልዎውን አስመዝግቦ በተቀናቃኞቹ ፊት ለሚለካ ሰው እምነት መስጠት ይቀላል። እርግጥ ነው፣ የብዙ ቡድኖች ደጋፊዎች ባይሳተፉበት ኖሮ ሚዛኑ አይሠራም ነበር፤ የአንዱን ማጋነን የሚያቃናው የሌላው ጥርጣሬ ነውና።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ገንዘብ በሌለበት የደጋፊዎች ትብብር ከአንድ ሰሞን አያልፍም።

የኮሌጅ ፉትቦል የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። የቪዲዮ ጨዋታ አምራቹ ኢኤ ስፖርትስ በጁላይ 2013 ካወጣው «ኤንሲዲብልኤ ፉትቦል 14» በኋላ ጨዋታው ተቋረጠ። ምክንያቱ በ2009 የቀድሞው የዩሲኤልኤ (በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኤድ ኦባነን የጀመረውና ያለክፍያ በተጫዋቾች አምሳል መነገድን የተቃወመው ክስ ነው። አዲስ ጨዋታ የወጣው በጁላይ 2024 ነው፤ በመሀሉ 11 ዓመታት አለፉ።

በእነዚያ ዓመታት አሮጌው ጨዋታ እንዳይሞት ያደረጉት ደጋፊዎች ናቸው። በጨዋታው ውስጥ ከ120 በላይ ቡድኖች አሉ፤ በእያንዳንዱ ቡድን እስከ 70 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ አንዳቸውም ስም የላቸውም፣ የማሊያ ቁጥርና የጨዋታ ቦታ ብቻ እንጂ። ከየዩኒቨርሲቲው የተሰባሰቡ ሰዎች በየዓመቱ የሺዎችን ስም፣ ቁመት፣ ክብደትና ችሎታ በእጃቸው ያስገቡ ነበር። የራሱን ቡድን በሚገባ የሚያውቅ ሰው የዚያን ቡድን ዝርዝር ይሞላል፤ ሌላው የባላንጣውን ይሞላል፤ አንድ ሰው ደግሞ የሁሉንም ችሎታ በአንድ ሚዛን ያስተካክላል፣ አለዚያ እያንዳንዱ ደጋፊ የራሱን ቡድን የማይሸነፍ ያደርገዋል። በኋላም «ኮሌጅ ፉትቦል ሪቫምፕድ» በሚል ስም ማሊያዎቹንና ስታዲየሞቹን ያደሱ በጎ ፈቃደኞች ሥራቸውን በነፃ አከፋፈሉ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ደጋፊዎቹ በነፃ የጻፉት ስም የተጫዋቾቹ ንብረት ነበር፤ ክሱም የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። ደጋፊዎቹ አልሸጡትም፤ ይሁን እንጂ ባለቤቶቹ ያልተጠየቁበት መሆኑ መታወስ አለበት። ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገቢ እንዲያገኙ በ2021 ከተፈቀደ በኋላ የመጣው የ2024 ጨዋታ፣ ለመካተት ለተስማማ እያንዳንዱ ተጫዋች 600 ዶላር ከፍሏል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ለመተባበር በመካከል ያለውን አጥር ማፍረስ ያስፈልጋል።

ከልምድ የሚታየው ተቃራኒው ነው። ሁሉም ቡድኖች በሚገናኙበት በሬዲት የኮሌጅ ፉትቦል መድረክ ተሳታፊው ከስሙ አጠገብ የሚደግፈውን ቡድን አርማ ይለጥፋል፤ ሁለተኛ ቡድን ካለውም ይጨምራል። አርማው ተናጋሪው ከየት ወገን እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚገልጥ አንባቢው ቃሉን በዚያው ልክ ይመዝነዋል። ከሽንፈት ማግስት ተሰብስቦ የባላንጣን ቤት መውረር ደግሞ በየማኅበረሰቡ የሚከለከል ነገር ነው። እንግዳ የቤቱን ደንብ አክብሮ ሲገባ ነው ነገ አብሮ ለመሥራት የሚጠራው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በበይነ መረብ የተጀመረ ነገር እዚያው ይቀራል።

ይህን ለማረም ከአዮዋ ሲቲ በላይ መሄድ አያስፈልግም። በ2017 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሕፃናት ሆስፒታል ኪኒክ ስታዲየምን ከላይ እያየ ሲከፈት፣ አንዲት ደጋፊ የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ሁሉም ዞሮ በመስኮት ለሚያዩት ሕፃናት እጁን ቢያውለበልብ ብላ በአንድ የደጋፊዎች ገጽ ሐሳብ አቀረበች። ዛሬ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይህን ያደርጋል፤ ከእንግዳው ቡድን ጋር የመጡት ደጋፊዎችም፣ ተጫዋቾቹም፣ ዳኞቹም አብረው ይዞራሉ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ነፃ የሆኑ ማኅበረሰቦች በአንድ ኩባንያ ሥር ካልተጠቃለሉ ትብብራቸው አይጸናም።

የደጋፊዎችን ገጾች በአንድ ጣሪያ የሰበሰቡ ኩባንያዎች አሉ፤ ራይቫልስ ከ1998፣ ኤስቢ ኔሽን ከ2005 ጀምሮ። ጥቅማቸውን አልክድም፤ አብሮ መሆን ማስታወቂያና የቴክኒክ ድጋፍ ያመጣል። ነገር ግን ኩባንያ በጀት ሲቀንስ ገጾችን ይዘጋል፣ ጸሐፊዎችንም ያሰናብታል፤ ኤስቢ ኔሽን ራሱ በ2023 መጀመሪያ ከብዙ ገጾቹ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋርጧል። በኩባንያው ላይ ብቻ የቆመ ትብብር ከእሱ ጋር ይወድቃል።

«ቻሪቲ ቦውል» የተባለው ዓመታዊ የመዋጮ ውድድር ግን አልወደቀም። ውድድሩን ያስጀመረው የፍሎሪዳ ደጋፊው ስፔንሰር ሆል በኤስቢ ኔሽን ውስጥ በነበረበትም ጊዜ፣ በ2020 ከወጣ በኋላም ቀጥሏል፤ ምክንያቱም ሥራውን የሚያከናውኑት የየዩኒቨርሲቲው ደጋፊዎች ራሳቸው ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ማንም ሰው በቡድኑ ስም ይሰጣል፤ ብዙ ያዋጣው የደጋፊ ወገን አሸናፊ ይባላል። አብዛኛው ሰው የሚሰጠው የገንዘብ መጠን ባላንጣውን ያሸነፈበት ውጤት ነው። ሚሺጋን በ2022 ኦሃዮ ስቴትን 45 ለ 23 ስላሸነፈ የሚሺጋን ደጋፊ 45.23 ዶላር ይሰጣል፤ የኦሃዮ ስቴት ደጋፊ በበኩሉ የ2018ቱን 62 ለ 39 አስታውሶ 62.39 ዶላር ይልካል። ባላንጣውን ለማብሸቅ የተላከው ገንዘብ ከባላንጣው ገንዘብ ጋር በአንድ ሣጥን ይገባል።

ገንዘቡ የሚሄደው ለማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ኒው አሜሪካን ፓዝዌይስ ለተባለው፣ በአትላንታ አካባቢ ስደተኞችን ለሚያቋቁም ድርጅት ነው። ድርጅቱ አዲስ የመጡ ቤተሰቦችን መኖሪያ ያገኛል፣ ሥራ እንዲይዙ ያግዛል፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያስጠናል፣ የዜግነት ማመልከቻቸውን ያዘጋጃል። ከአትላንታ አጠገብ ያለችው ክላርክስተን ከተማ ለዐሥርት ዓመታት ስደተኞች የሚሰፍሩባት ስትሆን፣ ከበርማ፣ ከቡታን፣ ከኮንጎና ከሶማሊያ ከመጡት ጋር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ይኖሩባታል። እዚያ ለሚያርፍ ቤተሰብ የመጀመሪያው ወር ኪራይ በከፊል የተከፈለው፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር አንድ የሚሺጋን ደጋፊ በኦሃዮ ስቴት ላይ የተቀዳጀውን ድል በሳንቲም ቆጥሮ ስለላከ ሊሆን ይችላል።