ቡድሂዝምና ፅንስ ማስወረድ፦ ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ የዓለም ሃይማኖቶችን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የፅንስ ማስወረድ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አንድ ተማሪ ብድግ ብሎ «ቡድሂስቶች ነፍስ የለም ስለሚሉ ፅንስ ማስወረድ ለእነርሱ ምንም አይደለም» ይላል። ይህን መስማት በእውነት ሰልችቶኛል።

ቡድሂዝም የሚክደው ዘላለማዊና የማይለወጥ ነፍስን እንጂ ሕይወትን ወይም ንቃትን አይደለም። ፓሊ በተባለው ጥንታዊ ቋንቋ በተጻፉት የቡድሂዝም መጻሕፍት ፅንስ የሚቋጠረው አባትና እናት ሲገናኙ፣ የእናቲቱ የመፅነሻ ወቅት ሲሆንና ዳግም ሊወለድ ያለው ፍጡር ሲገኝ ነው። የመነኮሳቱ ሕግ ቪናያም «ሰው» የሚለው በእናቱ ማሕፀን የመጀመሪያው ንቃት ካደረበት ጊዜ አንሥቶ እስኪሞት ድረስ ያለውን ነው። ስለዚህ ለማስወረጃ የሚሆን መድኃኒት ሰጥቶ ፅንሱ የሞተበት መነኩሴ ሰው እንደ ገደለ ተቆጥሮ ከምንኩስናው ይሰረዛል። በዚያው ሕግ ፅንሱ ተርፎ እናቲቱ ብትሞት ግን፣ ጥፋቱ ከባድ ቢሆንም መነኩሴው አይሰረዝም፤ እርሷን ለመግደል አላሰበምና። በቅኔ ምድር ያደገ ልጅ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይመረምር «ነፍስ የለም» በሚል አንድ ቃል ሲፈርድ ማየት ያሳዝነኛል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምመክረው መጀመሪያ ጽሑፉን እንዲያነቡ፣ ቀጥሎም የመነኮሳትን ሕግ ከመንግሥት ሕግ እንዲለዩ ነው።

«እንግዲያው በቡድሂስት አገሮች ሁሉ የተከለከለ ነው» የሚሉም አሉ። ሕጉ ግን እንደየአገሩ ይለያያል፤ በስሪ ላንካ እ.ኤ.አ. በ1883 የወጣው የወንጀል ሕግ የሚፈቅደው የእናቲቱን ሕይወት ለማዳን ብቻ ሲሆን፣ ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ እስከ 12 ሳምንት ድረስ በሴቲቱ ፈቃድ እንዲፈጸም ፈቅዳለች፤ ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በሕግ ፈቅዳለች። የቲቤት ቡድሂስቶች መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማም እ.ኤ.አ. በ1993 በሰጡት ቃለ ምልልስ ድርጊቱን በመሠረቱ መጥፎ ብለው፣ ፍርዱ ግን እንደየሁኔታው መታየት እንዳለበት ተናግረዋል።

«ጃፓኖች ጸሎት ስለሚያደርጉለት ኃጢአት አይሉትም» የሚለው ደግሞ የተገለበጠ ነው፤ ላልተወለዱት ሕፃናት የሕፃናት ጠባቂ በሚባለው በጂዞ ሐውልት ፊት የሚደረገው ሥርዓት ኀዘንና ይቅርታ መጠየቂያ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ካርማን፣ ማለትም ሥራ ፍሬ ያፈራል የሚለውን ትምህርት፣ እንደ ቅጣት ማየት ነው። ፅንስ የጨነገፈባት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጓደኛዋ «የቀድሞ ሕይወትሽ ካርማ ነው» ብላት እያለቀሰች ቢሮዬ መጣች። ቡድሃ ካርማ ብሎ የጠራው ሐሳብን መሆኑን፣ እርሷም ይህን እንዳላሰበችው ነገርኳት። ቀጥዬም ቡድሃ የሰው ስቃይ ሁሉ ካለፈ ሥራ ይመጣል የሚሉትን ሲያርም የተናገረውን አነበብኩላት። በዚያ ንግግር ከተቆጠሩት ስምንት የስቃይ ምክንያቶች ውስጥ ሐሞት፣ አክታ፣ ነፋስና የወቅት መለዋወጥ ይገኙበታል፤ ካርማ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው። ገጹን ፎቶ አንሥታ ሄደች።