ዲፔንደንሲ ምንድን ነው? ፋይሉ እያለ «የለም» የሚለው ኢረር

የዳታቤዝ ኤክስቴንሽን ራሱን የቻለ ፕሮግራም አይደለም። ዳታቤዙ ሲፈልገው ጠርቶ ከራሱ ጋር የሚያያይዘው ተጨማሪ ኮድ ነው። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ላይ ዲኤልኤል፣ ሊኑክስ ላይ ኤስኦ የሚባል ፋይል ሆኖ ይመጣል። ይህ ፋይል ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ሌሎች ላይብረሪዎችን፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሯቸውን የተዘጋጁ የኮድ ፋይሎች፣ ይጠራል፣ እነሱም ሌሎችን ይጠራሉ። ኤክስቴንሽኑ እንዲሠራ የግድ መገኘት ያለባቸው እነዚህ ናቸው ዲፔንደንሲ የሚባሉት።

ምሳሌውን ከቡና እንውሰድ፤ ጅማ ተቀምጦ ሌላ ምሳሌ መፈለግ ያስተዛዝባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደጋግሞ ቢገፋም፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ በኮኦርዲኔት እንዲታወቅ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ የማሳው ዙሪያ መሰመር አለበት፤ ለአነስተኛው አንድ ነጥብ ይበቃል። እንዲህ ያለ መረጃ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ፣ ፖስትጂአይኤስ በሚባለው ኤክስቴንሽን ነው። እሱም በተራው ቅርጽ ለማስላት ጂኦስ፣ ኮኦርዲኔት ለመቀየር ፕሮጅ የሚባሉትን ላይብረሪዎች ይፈልጋል።

እንበልና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለ ተማሪ የማሳ ድንበሮች መደራረባቸውን የሚፈትሽ ትንሽ ኤክስቴንሽን በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፈ። ላፕቶፑ ላይ ቆንጆ ይሠራል። በፍላሽ ይዞ እዚያው ጅማ ሂርማታ ወዳለ ቢሮ ሄደ፣ ፋይሉን ገለበጠ፣ ኤክስቴንሽኑን ፍጠር ብሎ አዘዘ። መልሱ፦ «ላይብረሪውን መጫን አልተቻለም፤ የተጠቀሰው ሞጁል አልተገኘም።» የፋይሉ ሙሉ አድራሻም አብሮ ተጽፏል። ፎልደሩን ሲከፍተው ፋይሉ ቁጭ ብሏል! እንደገና ኮፒ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርጋል፣ ያው ነው።

ዊንዶውስ እዚህ ላይ ስሙን የጠራው የጠፋውን ፋይል አይደለም፤ ሊጭነው የሞከረውን ነው። የጠፋው ያ ፋይል የሚጠራው ሌላ ላይብረሪ ነው። አንዳንድ ቢሮ ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ማህተም ያዢዋ ስላልገባች ብቻ «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ተመለስ» እንደሚባለው ማለት ነው። ሊኑክስ በዚህ ረገድ ይሻላል። የጎደለውን ላይብረሪ በስሙ ጠርቶ ይነግራችኋል።

የጎደለውን ለማወቅ ሊኑክስ ላይ ኤልዲዲ የሚባለውን ትእዛዝ በኤክስቴንሽኑ ፋይል ላይ ማስኬድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ዲፔንደንሲስ የተባለው ነጻ መሣሪያ አለ። ጥንታዊው ዲፔንደንሲ ዎከር አዲስ ዊንዶውስ ላይ ያልጠፋውንም ጠፋ እያለ ስለሚያደናግር ባትነኩት እመክራለሁ። ዋናው ነገር ግን ምርመራው ኢረሩ በመጣበት ማሽን ላይ መደረጉ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሁሉም ነገር ስላለ ምንም አይታይም።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ግን የጎደለውን ካወቀ በኋላ ነው። ለምሳሌ ጂኦስን ያመጣና ከኤክስቴንሽኑ ጎን፣ የፖስትግሬስ ሊብ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ኢረሩ አይለቅም። ምክንያቱም ዊንዶውስ በተለምዶ ዲፔንደንሲ ሲፈልግ በቅድሚያ የሚያየው ዋናው ፕሮግራም የተቀመጠበትን ፎልደር ነው፤ የፖስትግሬስ ፕሮግራም ያለው ደግሞ ቢን የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ከዚያ የዊንዶውስን የራሱን ፎልደሮች ያያል፣ በኋላ ፓዝ ላይ፣ ማለትም ዊንዶውስ ፋይል የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ላይ፣ የተመዘገቡትን። ስለዚህ ኤክስቴንሽኑ ሊብ ውስጥ፣ የሚጠራቸው ላይብረሪዎች ቢን ውስጥ። ፓዝ መቀየርም ይቻላል፤ ግን ፖስትግሬስ ሰርቪስ ሆኖ፣ ማለትም ከጀርባ በሌላ አካውንት፣ ስለሚሠራ እናንተ ለራሳችሁ አካውንት ያስተካከላችሁት አይደርሰውም። የሲስተሙን ፓዝ ቀይራችሁ ሰርቪሱን ሪስታርት ማድረግ የግድ ነው።

ሌላው የተለመደ ጎዶሎ የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ራንታይም፣ ማለትም በዚያ የተሠራ ፕሮግራም ሲሠራ የሚጠራቸው ላይብረሪዎች፣ ነው። ቪሲራንታይም140 ከጎደለ ቀላል ነው፤ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠውን ኢንስቶለር ፍላሹ ላይ ይዞ መሄድ፣ ቢሮው ኢንተርኔት ባይኖረውም ይሠራል። የጎደለው ቪሲራንታይም140ዲ ከሆነ ግን ምንም ነገር አትፈልጉ። ኤክስቴንሽኑ የተጠናቀረው (ኮምፓይል የተደረገው) ለሙከራ በሚሆነው የዲበግ መልክ ነው ማለት ነው፤ ያ ራንታይም የሚገኘው ቪዥዋል ስቱዲዮ ያለበት ማሽን ላይ ነው፣ ለሌላ ሰው ማደልም አይፈቀድም። ተመልሶ ለተጠቃሚ በሚሰጠው የሪሊዝ መልክ ማጠናቀር ብቻ ነው መፍትሔው።

የዊንዶውስ የኢረር ቁጥር ከታየም እዩት። 126 የሚጠራ ፋይል ጠፋ ነው። 127 ከሆነ ፋይሉ ተገኝቷል፣ ግን ቨርዥኑ የተለየ ስለሆነ የተፈለገው ፈንክሽን ውስጡ የለም። 193 ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 32 ቢት እና 64 ቢት ተደባልቀዋል።

ዲፔንደንሲ ሁሉ ላይብረሪ አይደለም ደግሞ። ኤክስቴንሽኑ በሰላም ይጫናል፤ ከዚያ አንዱ ሠራተኛ የጂፒኤስ ነጥቦችን ጅማ ወደምትገኝበት ወደ ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሲቀይር ይወድቃል። ፕሮጅ ስሌቱን የሚያነብበት ፕሮጅ.ዲቢ የሚባል የዳታ ፋይል አለው፣ እሱን ማንም ኮፒ አላደረገም። ይህን የትኛውም የላይብረሪ መመርመሪያ አያሳያችሁም። የፕሮጅን ዳታ ፎልደር አብሮ መውሰድና አድራሻውን ፕሮጅ_ዳታ በሚባለው የሲስተም ቫሪያብል ማስመዝገብ ነው፤ ከ9.1 በፊት ባሉት ቨርዥኖች ስሙ ፕሮጅ_ሊብ ነው።