የድሮ ቪዲዮ ካሴት ስለማስገልበጥ በየቤታችን የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ባለፈው ፋሲካ ደብረ ሲና ቤተሰብ ጋ ሄጄ የአያቴን ሳጥን ስንከፍት ከባናው ስር ሰባት ቪዲዮ ካሴት አገኘን። አንዱ የአጎቴ ሰርግ ነው፣ 1988 ዓ.ም የተቀረጸ፣ አያቴ ነጠላዋን አደግድጋ ሙሽሮቹን ስትመርቅ አለችበት፣ የሷ ድምጽ ደግሞ ከዛ ካሴት ውጪ የትም የለንም። ያኔ ወደ ኮምፒውተር ላስገልብጠው ስል አጎቶቼም አክስቶቼም ጎረቤትም ሁሉም የየራሱን ነገረኝ፣ ግማሹ ልክ አልነበረም። ከዛ ወዲህ እዚህ ደብረ ብርሃን ለብዙ ዘመድና ጓደኛ ስለገለበጥኩ በተደጋጋሚ የምሰማቸውን ልጻፋቸው ብዬ ነው።

«ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ምን ይሆናል»

ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው። የካሴት ክር ማለት ስስ ፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ የማግኔት ዱቄት ነው፣ ምስሉም ድምጹም ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። ማጣበቂያው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ በዓመታት ውስጥ ይላላል፣ ክሩ ይጣበቃል፣ ዱቄቱ ይረግፋል፣ ማንም ሳይነካው ማለት ነው። የኛ አገር አየር ደግሞ አያዝንለትም፣ ደብረ ብርሃንና መንዝ ክረምቱን ሙሉ ጉምና እርጥበት ነው፣ ታች ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ያበስለዋል። በካሴቱ መስኮት ስታዩ ክሩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ እባካችሁ ዴክ (ማጫወቻው) ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ዴኩን ይበክልና ቀጥሎ የምታስገቡትን ካሴትም ይበክላል። እሱን ለብቻው ለይታችሁ ማጽዳት ለሚችል ሰው ስጡ።

ሌላው፣ ከብርድ ቤት የወጣ ካሴት ወዲያው አይጫወትም። ብርጭቆ ላይ ላብ እንደሚወጣው ክሩም ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ከዛ ዴኩ ውስጥ ያለው ከበሮ ላይ ይጣበቅና ይበላል። እኔ አንዱን የጥምቀት ካሴት እንደዚህ ነው ያስበላሁት፣ ሌሊት መኪና ውስጥ አድሮ ጠዋት አስገባሁት፣ መሀሉ ላይ ያለው ክር እንደ አኮርዲዮን ተጨማዶ ወጣ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ከዛ ሳላጫውተው አንዴ እስከ መጨረሻ አጠነጥንና መልሼ አጠነጥናለሁ ክሩ እንዲላቀቅና እኩል እንዲወጠር። ከካሴቱ ጀርባ በኩል ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክም ስበሯት፣ እሷ ከሌለች ማንም ተሳስቶ በላዩ ላይ መቅረጽ አይችልም።

«ኧረ ሌላ ጊዜ እናስገለብጠዋለን» ለሚሉ ደግሞ፣ ካሴቱ ቢቆይ እንኳን ዴኩ አይቆይም። ቪኤችኤስ የሚባለው ይሄ ትልቁ የቪዲዮ ካሴት በ1976 እ.ኤ.አ ጄቪሲ ያመጣው ነው፣ ዴኩን ሲሰራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ በ2016 እ.ኤ.አ ሐምሌ ላይ ማምረቱን አቁሟል። አሁን ያለው ሁሉ አሮጌ ነው፣ ክሩን የሚያነበው ሄድ ሲያልቅ መለዋወጫ መፈለግ መከራ ነው።

«ከአሜሪካ የተላከው ካሴት ተበላሽቷል፣ ጥቁርና ነጭ ነው የሚያሳየው»

አልተበላሸም! በስንቱ ቤት በዚህ ምክንያት ካሴት ተጥሏል መሰላችሁ። እኛ አገር ያለው የቲቪና የቪዲዮ ሲስተም ፓል የሚባለው ነው፣ 625 መስመር በሰከንድ 25 ምስል፣ የአሜሪካው ደግሞ ኤንቲኤስሲ ነው፣ 525 መስመር በሰከንድ ወደ 30 ምስል። ስለዚህ የፓል ብቻ የሆነ ዴክና ቲቪ ላይ ሲጫወት ቀለሙ ይጠፋል፣ ምስሉም ወደላይ ይሽከረከራል። ሁለቱንም የሚያነብ መልቲ ሲስተም ዴክ ላይ ስታስገቡት ልጁ እዛ ማዶ ሆኖ ለናቱ የላከው ሰላምታ በሙሉ ቀለሙ ይወጣል። ከመጣላችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ።

«ቲቪው ላይ እያጫወትኩ በስልክ ብቀርጸውስ»

ምንም ከማጣት ይሻላል፣ ከዛ ያለፈ አይደለም። ብልጭ ድርግም ይላል፣ የክፍሉ ጫጫታ ይገባበታል። ከዴኩ በቢጫ ነጭ ቀይ ኬብል አውጥታችሁ ዩኤስቢ ካፕቸር (ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ ትንሽ ዕቃ) ላይ ሰክታችሁ ላፕቶፕ ላይ መያዝ ነው፣ የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ መንገድ የለውም።

«ዲጂታል ከሆነ ጥራቱ ኤችዲ ይሆናል»

አይሆንም። ቪኤችኤስ በአግድም የሚይዘው ዝርዝር ወደ 240 መስመር ነው፣ ፓሉን 720 በ576 ፒክስል አድርጋችሁ ከያዛችሁት ያለውን ሁሉ ወስዳችኋል፣ የሌለውን ማምጣት አይቻልም። በኤአይ የሚያጠሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ እኔም የአያቴን ምርቃት ሞክሬበት ነበር፣ ፊቷ ለስልሶ ሌላ ሴትዮ አደረጋት፣ እናቴ አይታ «ይቺማ እማዬ አይደለችም» አለች፣ አጠፋሁት። እንደዛ አይነቱን ኮፒው ላይ ሞክሩ እንጂ ዋናውን ፋይል አትንኩ።

ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያጣው ጥራት አለ። የፓል ቪዲዮ እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ የተከፈለ ነው፣ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ማለት ነው። ሲገለበጥ ዝም ብሎ ወደ 25 ከተጨፈለቀ እንቅስቃሴው በግማሽ ይቀንሳል፣ ወይ ደግሞ ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። የመንዝ እስክስታ ላይ ትከሻው ሲርገፈገፍ ነው በደንብ የሚታወቀው፣ ስለዚህ የሚገለብጥላችሁን ሰው «ወደ 50 ፍሬም አድርገው» በሉት። ካሴታችሁ ትንሿ ሚኒ ዲቪ ከሆነች ደግሞ ድሮውንም ዲጂታል ናት፣ በቢጫው ኬብል አታሳልፏት፣ ካሜራው ካለ በፋየርዋየር ኬብል እንዳለች ትገለበጣለች፣ አንድ ሰዓቱ ወደ 13 ጊጋ ይይዛል።

«ዲቪዲ ላይ አስደርገናል፣ አለቀ» — አላለቀም። ቤት ውስጥ የሚጻፍ ዲቪዲ ቀለሙ እየደበዘዘ አንድ ቀን አላነብም ይላል፣ ፍላሽም ይጠፋል ይቃጠላል፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ስትልኩት ደግሞ ይጨመቃል፣ በፋይል ካልላካችሁት። ሁለት ሀርድ ዲስክ ላይ በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡ። ካሴቱንም አትጣሉት፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት።

አሁን ወደ ህጉ ልምጣ፣ ምክንያቱም አክስቴ «በህግ ያስጠይቃል ሲሉ ሰምቻለሁ» ብላ ሰርጓን ሳታስገለብጥ ዓመታት አሳልፋለች።

«የቅጂ መብት ስላለ ማስገልበጥ ወንጀል ነው»

የራስሽን ሰርግ ለራስሽ ማስገልበጥ ወንጀል አይደለም። የኛ ህግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በኋላ በ872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ለህዝብ የወጣን ስራ እንኳን አንድ ሰው ለግሉ መጠቀሚያ አንድ ኮፒ ቢያደርግ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል፣ ሙሉ መጽሐፍና የኮምፒውተር ፕሮግራም የመሳሰሉ ለየት ያሉ ነገሮች ግን አሉ። ቪዲዮ አንሺውስ ባለመብት አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል፣ ህጉ በትእዛዝ የተሰራ ስራ ላይ ሌላ ውል ከሌለ የገንዘብ መብቱን የሚሰጠው ላዘዘው ሰው ነው፣ ማለት ከፍሎ ላስቀረጸው ቤተሰብ። ስሙን ግን ካሴቱ ላይ ካለ አትቁረጡበት፣ የሰራው እሱ ነው።

«ፊልሙን ከፍዬ ገዝቼዋለሁ፣ የኔ ነው»

ያንተ የሆነው ፕላስቲኩ ነው። የድሮ ድራማና የሙዚቃ ካሴት ገልብጦ በፍላሽ መሸጥ ወይ ዩቲዩብ ላይ መጫን ከግል መጠቀሚያ ወጥቷል፣ እስከ እስር የሚያደርስ ወንጀል ነው። «ድሮ ነው እኮ፣ ማን ያስታውሰዋል» ይባላል፣ ጥበቃው ደራሲው በህይወት እስካለ እና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ስለሆነ በኛ እድሜ የተሰሩት አብዛኞቹ አሁንም የሰው ናቸው። «አላስመዘገበውም» ማለትም አያዋጣም፣ መብቱ ስራው እንደተሰራ የሚመጣ ነው፣ ምዝገባ ግዴታ አይደለም።

የሰርግ ቪዲዮ ላይ የሚያጣላው ምስሉ ሳይሆን ከጀርባ የተደረበው ዘፈን ነው። ሰርጉ የናንተ ነው፣ ዘፈኑ ግን የዘፋኙና የአሳታሚው ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት ሲስተሙ ራሱ ያውቀዋል፣ ወይ ይዘጋዋል ወይ የማስታወቂያውን ገንዘብ ለባለመብቱ ይሰጣል። ለዘመድ ከሆነ በቀጥታ ላኩላቸው።

«የኛው ቤተሰብ ነው፣ ፌስቡክ ላይ ብንለጥፈው ማን ምን ይለናል»

ይሄን በጣም አስቡበት። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በአደባባይ የተደረገ ነገር እንደ ጥምቀት ያለው በቀጣዩ አንቀጽ ለየት ይላል፣ የሰው ግቢ ውስጥ ያለ ለቅሶ ግን እንደሱ አይደለም። ከሰባቱ ካሴቶቻችን አንዱ የአያቴ ባል ተዝካር ነው፣ ሴቶች ፊታቸውን ነጭተው ደረታቸውን ሲመቱ ይታያል፣ አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ። እኔ ልጭነው ነበር፣ ትልቋ አክስቴን ጠየቅኳት፣ «ልጄ፣ ያን ቀን እንዳለሁ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም» አለችኝ። በቃ አልተለጠፈም፣ አንዱ ኮፒ ደብረ ሲና እሷ ጋ ነው፣ አንዱ እኔ ጋ። የአያቴን ምርቃት ግን ሁሉም እሺ ስላሉ ለቤተሰቡ በሙሉ በቴሌግራም በፋይል ላክሁት፣ አጎቴ እስካሁን ጠዋት ጠዋት ይከፍተዋል።