ቶርስክ ምንድን ነው?

ቶርስክ በኖርዌይ፣ በስዊድንና በዴንማርክ የአንድ ዓሣ ስም ነው። በእንግሊዝኛ ኮድ የሚባለው ማለት ነው። ለልጆች የሚሰጠው የዓሣ ጉበት ዘይት ከጥንት ጀምሮ የሚወጣው ከዚሁ ዓሣ ነው።

እኔን የሳበኝ ግን ስሙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ፣ ስሙ ሲፈታ «ደረቁ» እንደማለት ነው። የእነዚህ አገሮች ቋንቋዎች እናት የሆነው የድሮው የኖርስ ቋንቋ «ቶርስክር» ይለው ነበር። የቃላትን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህን ቃል ድርቀትን ከሚገልጽ ጥንታዊ ሥር ያመጡታል። የዚያ ሥር ልጆች ዛሬም በሕይወት አሉ። በስዊድንኛ «ቶር» ደረቅ ነው፣ «ተርስት» ደግሞ ጥማት።

ስሙ የወጣለት ባሕር ውስጥ ሳይሆን ማድረቂያው ላይ ነው ማለት ነው። ለዚህ ሎፎተንን ማየት ይበቃል። ሎፎተን በሰሜን ኖርዌይ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ቶርስክ እንቁላሉን ለመጣል ከጥር ጀምሮ ከባሬንትስ ባሕር ወደዚያ ይጎርፋል። ይህን መንገደኛ ቶርስክ ኖርዌያውያን «ስክሬይ» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው መጓዝ ከሚል ግሥ ነው። ዓሣው ሆዱ ይጸዳል፣ ሁለት ሁለቱ ጅራታቸው ይታሰራል፣ ከዚያ እስከ ግንቦት ድረስ የእንጨት ቆጥ ላይ ይሰቀላል።

ቋንጣ ነው በቃ! ልዩነቱ፣ የኛ ቋንጣ በጨውና በበርበሬ ይታሻል፤ ይህኛው ጨው እንኳ አይነካውም። ታዲያ እንዴት አይበላሽም? ቶርስክ ስቡን የሚያጠራቅመው ጉበቱ ውስጥ ስለሆነ ሥጋው ስብ የለውም ማለት ይቻላል። የሎፎተን አየር ደግሞ በዚያ ወቅት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ዝንብ እንዳይመጣ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋውን የሚጎዳ ከባድ ውርጭም አይበዛበትም። ንፋሱ ቀስ እያለ ውኃውን ይመጠዋል።

ቃሉ ወደ ሰውም ተሻግሯል። ዴንማርክ ውስጥ አንድን ሰው ቶርስክ ማለት «አንተ ጅል» እንደማለት ነው፤ ከባድ ስድብ ግን አይደለም። በስዊድን የመንገድ ቋንቋ «ቶርስካ» መሸነፍ ነው። እዚያው አገር ቶርስክ ከፍሎ ወሲብ የሚገዛን ወንድም ይጠሩበታል። በስዊድን ከ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በሚሠራው ሕግ የሚቀጣው ይህ ገዢ ነው፣ ሻጯ አይደለችም። ስለዚህ ስዊድናዊን ለቀልድ ቶርስክ ብሎ መጥራት አያዋጣም።

የደረቀው ዓሣ ናይጄሪያ ድረስ ይሄዳል። እዚያ ያሉት የኢግቦ ሕዝቦች በጣም ይወዱታል፣ ስሙንም «ኦክፖሮኮ» ብለውታል። ድስት ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ማለት ነው ይላሉ። እንጨት እስኪመስል የደረቀ ስለሆነ ድስቱን ሲነካ ይንኳኳል።