በአሜሪካ የንግድ ምልክት ማመልከቻ ውድቅ ሲሆን፦ የይግባኝ ቀነ ገደቦች

አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት የሚመዘግበው ቢሮ መቀመጫው ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ለምግብ ቤቱ ወይም ለቡና ማሸጊያው ስም ያመለከተ ሰው ፋይሉ አንድ መርማሪ እጅ ይገባል። መርማሪው እንቅፋት ካየ በጽሑፍ ያሳውቃል። ስሙ ቀድሞ ከተመዘገበ ምልክት ጋር ይምታታል ሊል ይችላል። ወይም ዕቃውን ከመግለጽ ያለፈ ነገር የለውም ይላል።

በዚህ የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ይግባኝ አይባልም፤ መልስ ነው የሚሰጠው። ከዲሴምበር 2022 ወዲህ የመልስ ጊዜው 3 ወር ነው። 125 ዶላር ከፍሎ ሌላ 3 ወር ማስጨመር ይቻላል፣ አንዴ ብቻ። ድሮ 6 ወር በቀጥታ ይሰጥ ስለነበር የቆየ ምክር የሰማ ሰው ይሸወዳል። በማድሪድ ፕሮቶኮል፣ ማለትም በአንድ ማመልከቻ በብዙ አገር የንግድ ምልክት ለማስመዝገብ በሚያስችለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በኩል ከውጭ የገባ ማመልከቻ አሁንም 6 ወር አለው፤ ማራዘሚያ ግን የለውም።

ይህ መልስ ቀላል ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ2005 ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች ለማስመዝገብ ስታመለክት መጀመሪያ ውድቅ ተደርገውባታል። ማስረጃ ይዛ ተከራከረች፤ ኋላ ሁለቱም ተመዘገቡ።

መልሱ መርማሪውን ካላሳመነው የመጨረሻ የሚባለው ውድቅ ይመጣል። የይግባኙ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ያኔ ነው። አሁንም 3 ወር፣ ከተከፈለበት 6። በዚህ ጊዜ ውስጥ ይግባኝ መባሉን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለቢሮው የይግባኝ ቦርድ መግባት አለበት፤ ክፍያው ለእያንዳንዱ የዕቃ ወይም የአገልግሎት ምድብ 225 ዶላር ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። መርማሪው ጉዳዩን እንደገና እንዲያይለት ይጠይቅና መልስ ይጠብቃል። ጥያቄው ግን የይግባኙን ሰዓት አያቆመውም። መርማሪው ሳይመልስ ቀኑ ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ ማስገባት ነው የሚሻለው። ቦርዱ ይግባኙን አግዶ ፋይሉን ለመርማሪው ይመልስለታል፤ መርማሪው ካልተለሳለሰ ክርክሩ ይቀጥላል። ያለ ጠበቃ የሚያመለክቱ ትንንሽ ነጋዴዎች ይህን አንድ ነገር ቢያውቁ ብዙ ስም ይተርፍ ነበር።

ይግባኝ ባዩ የክርክር ጽሑፉን ማስታወቂያው ከገባ በ60 ቀን ውስጥ ያቀርባል። በመደበኛው አሠራር ሦስት ዳኞች ያዩታል። እነሱም ካልተቀበሉት 63 ቀን አለ፣ ልክ 9 ሳምንት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሁለት መንገድ አንዱ ይመረጣል። አንዱ ዋሽንግተን ወዳለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት መሄድ ነው፤ እዚያ አዲስ ማስረጃ አይቀርብም። ሌላው በፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ነው። ይኼኛው አዲስ ማስረጃ ይቀበላል፤ ተቃራኒ ወገን ከሌለ ግን የክርክሩ ወጪ ከሳሹ ላይ ይወድቃል። የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጹ ቡኪንግ ዶት ኮም የመረጠው ሁለተኛውን ነው። አዲስ የሸማቾች ጥናት አቀረበ፤ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 ፈረደለት።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የፌዴራል በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል። ለቢሮው የሚገቡት ሰነዶች ሰዓት የሚቆጠረው በምሥራቅ አሜሪካ አቆጣጠር እስከ እኩለ ሌሊት ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ እንደ ወቅቱ በማግስቱ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ነዋሪነቱ ከአሜሪካ ውጭ የሆነ አመልካች ከ2019 ጀምሮ የአሜሪካ ጠበቃ መያዝ ግዴታው ስለሆነ፣ ጠበቃ ፍለጋ ወደ መጨረሻው ሳምንት መገፋት የለበትም።

ቀኑ ሳይታወቅ ያለፈበት ሰው የመተው ማስታወቂያው ከወጣ በ2 ወር ውስጥ ፋይሉ ነፍስ እንዲዘራ ማመልከት ይችላል። ያልተከበረው ሆን ተብሎ እንዳልሆነ መግለጽና መክፈል ይጠበቅበታል። ይህም ካለፈ እንደ አዲስ ማመልከት ነው፤ ያኔ በመሃል ተመሳሳይ ስም ያስገባ ሌላ ሰው በተራ ይቀድመዋል።